ከኮትስክ የወጡት ረቢ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ንግግሬ የአይሁድ መንፈሳዊ ንቅናቄ ተከታዮች በሆኑት በፖላንድ ሀሲዶች ዘንድ «የኢዝቢጻው» እየተባሉ ስለሚጠሩት ስለ ረቢ መርዶክዮስ ዮሴፍ ላይነር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በ1839 መጸው፣ በሲምሐት ቶራ በዓል፣ እኚህ ሰው ከመምህራቸው ደጅ ወጡ። ሲምሐት ቶራ የዓመቱ የኦሪት ንባብ ተፈጽሞ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ተብሎ እንደ አዲስ የሚጀመርበት፣ ምእመናን የኦሪቱን ጥቅል አቅፈው የሚያሸበሽቡበት ቀን ነው። የወጡትም ብቻቸውን አልነበረም፤ ብዙ ተማሪ ተከትሏቸው ሄደ። ትተዋቸው የሄዱት መምህር የኮትስኩ ረቢ ምናሔም ሜንድል ነበሩ። በዘመኑ ከነበሩት የፖላንድ ሀሲድ መምህራን ሁሉ እንደ እሳቸው የሚፈራ አልነበረም። ለረቢ መርዶክዮስ ዮሴፍ ግን መምህር ከመሆናቸው በፊት ወዳጅ ነበሩ፤ በአንድ መምህር እግር ሥር አብረው ተቀምጠው የተማሩ።

ይህን መለያየት የሥልጣን ሽሚያ አድርገው የሚተርኩ አሉ። የኮትስክ ወገኖች ለረጅም ዘመን ከሃዲነት ሲሉት ኖረዋል። እኔ ነገሩን የማየው በሌላ መንገድ ነው፤ የመጣሁትም ይህንኑ ላስረዳችሁ ነው። በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት በአንድ ከባድ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው፦ የሰው ልብ ይታመናል ወይስ አይታመንም? ሜንድል ልብ ውሸታም ስለሆነ ያለ ምሕረት ሊመረመርና ሊሰበር ይገባል አሉ። መርዶክዮስ ዮሴፍ ደግሞ እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ፣ በምኞቱም ጭምር ይሠራል አሉ። ከዚህ በኋላ አንድ ቤት ሊበቃቸው አልቻለም።

ለማታውቁት ያህል ስለ ሀሲዶች ጥቂት ልበል። ንቅናቄው የተነሣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ዩክሬን ምድር ነው። መሥራቹ በ1760 ያረፉት ረቢ እስራኤል ቤን ኤሊዔዘር ናቸው፤ ተከታዮቻቸው ባዓል ሼም ቶቭ ይሏቸዋል። እግዚአብሔር የሌለበት ስፍራ የለም፤ ስለዚህ በጸሎትም በሥራም በማዕድም በደስታ ይገለገላል ብለው አስተማሩ። ከሳቸው በኋላ ትምህርቱ በመላው ምሥራቅ አውሮፓ ተስፋፋ። በየከተማው አንድ ጻድቅ መምህር ይነሣል፤ በዙሪያውም ተከታይ ይሰበሰባል። ሰዎች ስለ ጸሎትም፣ ስለ ልጅ ማጣትም፣ ስለ ንግድም እየሄዱ ያማክሩታል። መምህሩ ሲያርፍ ልጁ ወይም ተማሪው ይተካል። ታዲያ መገንጠል በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ኮትስክ ራሱ የተገንጣዮች የልጅ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሉብሊን «ባለ ራእዩ» የሚባሉ ታላቅ ረቢ ነበሩ፤ ያዕቆብ ይስሐቅ ሆሮቪትስ። ተአምራታቸውን ሽቶ ሕዝብ ይጎርፍላቸው ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ ስሙም ያው ያዕቆብ ይስሐቅ የሆነ፣ «ቅዱሱ አይሁዳዊ» ተብሎ የሚጠራ ሰው፣ ሰው ወደ መምህር መምጣት ያለበት ተአምር ፍለጋ ሳይሆን ነፍሱን ሊያስተካክል ነው ብሎ አምኖ በፕሺስኻ የራሱን ቤት ከፈተ። ባለ ራእዩ ገና በሕይወት ሳሉ ነው ይህ የሆነው፤ ቁስሉም ጥልቅ ነበር። ቅዱሱ አይሁዳዊ በ1813 አረፈ፤ ባለ ራእዩ ከእሱ በኋላ እስከ 1815 ኖሩ።

የፕሺስኻን መንበር የወረሱት ረቢ ስምሐ ቡኒም ናቸው። በእንጨት ንግድ እስከ ዳንዚግ ድረስ ይመላለሱ የነበሩ፣ መድኃኒት ቀማሚም የነበሩ፣ ዓለምን ያዩ ሰው። በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ሰው ሁለት ኪስ ይኑረው፤ በአንዱ «ዓለም ስለ እኔ ተፈጠረች» የሚል፣ በሌላው «እኔ አፈርና አመድ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይያዝ፤ እንደ ጊዜው አንዱን ያውጣ ብለዋል እየተባለ ይነገርላቸዋል። ሁለቱም ወዳጆች፣ ሜንድልና መርዶክዮስ ዮሴፍ፣ የተማሩት ከእኚህ መምህር ነው። አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ኪስ ይዞ ሄደ ማለት ይቃጣኛል።

ሜንድል በ1787 የተወለዱ ናቸው፤ መርዶክዮስ ዮሴፍ በ1800 ገደማ በቶማሾቭ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ባይመጣጠንም ቶማሾቭ አገናኘቻቸው፤ ሜንድል በወጣትነታቸው የኖሩት በዚያ ነበርና። ስምሐ ቡኒም በ1827 ሲያርፉ ተማሪዎቹ ተከፋፈሉ። ከፊሉ ወደ መምህሩ ልጅ፣ ከፊሉ ወደ ሌላ፣ ብርቱዎቹ ግን ወደ ሜንድል ሄዱ። መርዶክዮስ ዮሴፍም ወዳጃቸውን መምህራቸው አድርገው ተቀበሉ። በ1829 ሜንድል ወደ ኮትስክ ሲዛወሩም ተከተሉ። ይህን አሳንሳችሁ እንዳታዩት። አብሮ የበላና የጠጣን ሰው መምህሬ ብሎ ዝቅ ማለት ትሕትና ይጠይቃል። ኋላ ላይ በትዕቢት ለተከሰሱት ሰው ይህ የመጀመሪያው መልስ ነው።

ኮትስክ እንዴት ያለ ቦታ ነበር? ብዙ ወጣቶች ቤታቸውንና ሚስቶቻቸውን ትተው ለወራት እዚያ ይቀመጣሉ። ይራባሉ፣ የተቀደደ ይለብሳሉ፣ ታልሙድን ሌት ተቀን ያጠናሉ። ታልሙድ የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ ባሕር ነው፤ የእኛ ቤተ እስራኤል ኦሪትን ይዘው ከትውልድ ትውልድ የኖሩ ስለሆኑ ይህን መጽሐፍ አያውቁትም ነበር። ኮትስክ ውስጥ ከሁሉ የሚጠላው ለታይታ የሚደረግ ጽድቅ ነው። ሰው በጎ ሥራውን ይደብቃል፤ ጸሎቱን ሰው እንዳያይበት ይጠነቀቃል። «እኔ እኔ የሆንሁት አንተ አንተ ስለሆንህ ከሆነ፣ አንተም አንተ የሆንኸው እኔ እኔ ስለሆንሁ ከሆነ፣ እኔም እኔ አይደለሁም፤ አንተም አንተ አይደለህም» የሚለው ቃል ለሜንድል ይሰጣል። ሰው በሌላው ዓይን ተለክቶ እንዳይኖር ነው የሚሹት። ይህን ትምህርት እወደዋለሁ፤ ስለ ኮትስክ ክፉ ለመናገርም አልመጣሁም።

ነገር ግን በየዕለቱ ራስን መግፈፍ ሁሉም የሚችለው አይደለም። የሜንድል ቁጣ እየበረታ ሄደ። የሚፈልጉት እውነትን ብቻ የሚሹ ጥቂት ሰዎችን ነበር፤ የመጣላቸው ግን ሕዝብ ነበር፤ ሕዝቡ ደግሞ ልመናውንና ጭንቀቱን ይዞ ይመጣል። በ1830ዎቹ መጨረሻ ሜንድል በራቸውን ዘግተው ገቡ። በአንድ የሰንበት ሌሊት በማዕድ ላይ ሳሉ አንድ ነገር ሆነ ይባላል። የሀሲዶች ጠላቶች ረቢው በዚያ ሌሊት ሰንበትን ሻሩ ብለው አወሩ፤ ሀሲዶች ይህን በጽኑ ይክዳሉ፤ ሕመም አገኛቸው የሚሉም አሉ። የማያከራክረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሜንድል በ1859 እስኪያርፉ ድረስ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ከሰው ተለይተው በአንድ ክፍል ኖሩ። ደጁን የጠበቁላቸው እንደ ይስሐቅ ሜየር አልተር ያሉ ታማኞች ናቸው። አልተር ከሳቸው ዕረፍት በኋላ የጉርን ቤት መሠረቱ፤ ጉር ዛሬ በእስራኤል ካሉት የሀሲድ ማኅበራት ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

መርዶክዮስ ዮሴፍ የወጡት በዚህ ጊዜ ነው። በኮትስክ ወጣቶችን ያስተምሩ የነበሩ፣ በተፈጥሯቸውም ለሰው የሚራሩ ሰው ነበሩ። የተዘጋ በር ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠባበቅ ተማሪ ምን ያድርግ? ታማኝነት ነው ብሎ ዝም ማለት አንድ መንገድ ነው፤ አልተር ይህን መረጡ፤ አከብራቸዋለሁ። መርዶክዮስ ዮሴፍ ግን ሌላውን መረጡ። ቤተሰቡ ከጊዜ በኋላ ለወጡበት ዓመት ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል። 1839 መጸው በአይሁድ አቆጣጠር የ5600 ዓመት መግቢያ ነው። ዞሃር የተባለው የምሥጢር መጽሐፍ በስድስተኛው ሺህ፣ በስድስት መቶኛው ዓመት የጥበብ በሮች ይከፈታሉ ይላል። የልጅ ልጃቸው ይህ ቃል በአያታቸው ተፈጸመ ብለው ጽፈዋል።

የሰፈሩባት ኢዝቢጻ በሉብሊን ምድር፣ በቪየፕሽ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወንዙ ከቶማሾቭ አቅራቢያ ተነሥቶ በኢዝቢጻ በኩል አልፎ ወደ ኮትስክ ይወርዳል፤ የሰውዬው ሕይወት በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ አንድ ወንዝ ዳርቻ ያለፈ ነው። ኢዝቢጻን የመሠረቷት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአጎራባቿ ከታርኖጉራ የተባረሩ አይሁድ ናቸው፤ ነዋሪዋም ከሞላ ጎደል ሁሉም አይሁድ ነበር። ስለዚህ በ1942 ምን እንደገጠማት መገመት አያዳግትም። ናዚዎች ከተማዋን የመሸጋገሪያ ጌቶ አደረጓት። ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከቼክ ምድር የተጋዙ አይሁድ በባቡር እየመጡ ይታጎሩባት፣ ከዚያም ወደ ቤልዜትስና ወደ ሶቢቦር የሞት ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። የፖላንድ የኅቡዕ ትግል መልእክተኛ የነበረው ያን ካርስኪ የዘበኛ ልብስ ለብሶ ገብቶ ያየው ግፍ በዚህችው በኢዝቢጻ የተፈጸመ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ያምናሉ፤ ያየውን ይዞ እስከ ለንደንና ዋሽንግተን ሄዶ ተናግሯል። ናዚዎች የመቃብር ድንጋዮቹን ሳይቀር ነቅለው እስር ቤት ሠሩባቸው። በዚያው ዓመት የቤተሰቡ ተወላጅ የሆኑት የራዚኑ ረቢ ሳሙኤል ሰሎሞን ላይነር በቭሎዳቫ ተገደሉ፤ አይሁድ እሺ ብለው እንዳይነዱ፣ ወደ ጫካ እንዲሸሹ ይመክሩ ነበር። የኢዝቢጻው ረቢ መቃብር ግን ዛሬ ታድሶ ቆሟል፤ ከሩቅ አገር እየመጡ የሚጸልዩበት አሉ።

አሁን ወደ ትምህርታቸው ልግባ፤ እኔን ወደ እኚህ ሰው የሳበኝ እሱ ነውና።

በታልሙድ ውስጥ የታወቀ ቃል አለ፦ «ሁሉ በሰማይ እጅ ነው፤ ሰማይን ከመፍራት በቀር።» ድህነትህም ብልጽግናህም ከእግዚአብሔር ነው፤ ጻድቅ ወይም ኃጥእ መሆን ግን የራስህ ምርጫ ነው ማለት ነው። የአይሁድ የምግባር ትምህርት የቆመው በዚህ ላይ ነው። የኢዝቢጻው ረቢ ግን ይህ ለሰው አእምሮ እንዲህ ሆኖ የሚታየው ነው እንጂ በእውነቱ ሰማይን መፍራትም በሰማይ እጅ ነው አሉ። እግዚአብሔር መንገዱን በዚህ ዓለም ስለሰወረ ሰው በራሱ የመረጠ ይመስለዋል፤ ሥራው ሁሉ ከእግዚአብሔር መሆኑ ኋላ ይገለጣል።

ከዚህ ተነሥተው ሁለት ዓይነት ሰው አዩ፤ ስማቸውንም ከመጽሐፍ ወሰዱ። ኤፍሬም በሁሉ ነገር ሕጉን ይመለከታል፤ ከሕጉ ንቅንቅ አይልም። ይሁዳም ሕጉን ያውቃል፤ ግን በእያንዳንዱ ነገር የእውነቱን ጥልቀት እንዲያሳየው ወደ እግዚአብሔር ይመለከታል። አንዳንዴም እግዚአብሔር ከሕጉ ላይ ላዩን የማይታይ ነገር ያሳየዋል። ይሁዳና ትዕማርን አስታውሱ፤ ዘፍጥረት 38ን። በሥርዓት ብትመዝኑት የሚያሳፍር ታሪክ ነው። የዳዊት ዘር የወጣው ግን ከዚያ ነው። ኢሳይያስ «ኤፍሬም በይሁዳ አይቀናም» ያለውን ረቢው የሚያነቡት በዚህ መንፈስ ነው፤ አንድ ቀን ሁለቱ ይታረቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስለ ፊንሐስ ያስተማሩት ነው። ዘኍልቍ 25ን ታውቁታላችሁ። የእስራኤል አለቃ ዘንበሪ ምድያማዊቱን ሴት በሕዝቡ ፊት አመጣ፤ ፊንሐስ ጦሩን አንሥቶ ሁለቱንም ወጋ፤ መቅሠፍቱም ቆመ። ለዘመናት ፊንሐስ የቅናተ እግዚአብሔር አርአያ ሆኖ ኖሯል። የኢዝቢጻው ረቢ ታሪኩን ገለበጡት። ሰው ከምኞቱ በሙሉ ኃይሉ ከራቀ፣ ራሱን ለመጠበቅ አቅሙ እስኪያልቅ ከታገለ፣ ከዚያ በኋላ ምኞቱ ካሸነፈው ያ በእርግጥ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉ። ይሁዳ እንዲህ ነበር፤ ዘንበሪም ሴቲቱን የተመደበችልኝ ናት ብሎ ያመነ ሰው ነበር። ፊንሐስ ይህን ጥልቀት አላየም። እንደ ሕፃን ላይ ላዩን አይቶ ፈረደ። እግዚአብሔርም ቅናቱን ተቀበለ፤ «እስራኤል ሕፃን በነበረ ጊዜ ወደድሁት» እንዳለው ሕፃኑን ወደደው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን ትምህርት ስመረምር ልቤ ሁልጊዜ በሰላም አይቀመጥም። ማንም ክፉ ሰው «ታገልሁ፤ አቅም አጣሁ፤ ስለዚህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሊል ይችላል። የዘመኑ ሰዎችም ይህን ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከባዶ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሻብታይ ጽቪ የሚባል ሰው መሢሕ ነኝ ብሎ ብዙ የአይሁድ ዓለም ካናወጠ በኋላ በ1666 እስልምናን ተቀብሏል። በፖላንድ ምድር ደግሞ የያዕቆብ ፍራንክ ተከታዮች ሕጉን መሻር ጽድቅ ነው ብለው አስተምረው በ1759 በልቮቭ ወደ ክርስትና ገብተዋል። በዚያ አገር «ከሕጉ በላይ» የሚል ቃል ቁስል ያመረቅዝ ነበር።

ግን ረቢውን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ልቅነትን አይደለም። ቃላቸው ሁሉ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ የታሰረ ነው፤ ልብ አስቀድሞ መጥራት አለበት። ወርቅ በእሳት እንደሚነጠር ሰው ምኞቱን ደጋግሞ ይነጥረው፤ ይህ ከእኔ ጥቅም የመጣ ነው ወይስ ከእግዚአብሔር ብሎ ይጠይቅ፤ ጥርጥር ካለበት ወደ ሕጉ ይመለስ። ኮትስክን ያልካዱት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የራስን ውሸት ማደን ከሜንድል የተማሩት ነው። የጨመሩበት ተስፋን ነው፤ ከአደኑ መጨረሻ ላይ ባዶ ልብ ሳይሆን እግዚአብሔር የሚገኝበት ልብ አለ የሚል ተስፋ። ለወደቀና ለተጸጸተ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ውድቀትህም ከእግዚአብሔር እጅ ውጪ አልነበረም መባል የተሰበረን ሰው ከመሬት ያነሣዋል።

እሳቸው መጽሐፍ አልጻፉም። በ1854 መጀመሪያ ካረፉ በኋላ ትምህርታቸውን ከተማሪዎች ትውስታና ማስታወሻ የሰበሰቡት የልጅ ልጃቸው ጌርሶን ሄኖክ ናቸው። «የሰሊሆም ውኃ» ብለው ሰይመው በ1860 በቪየና አሳተሙት፤ ስሙ ኢሳይያስ «በቀስታ የሚሄደው የሰሊሆም ውኃ» ካለው የተወሰደ ነው። ጌርሶን ሄኖክ በዚያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ወጣት ነበሩ። ሁለተኛው ክፍል የታተመው ብዙ ቆይቶ፣ በ1922 በሉብሊን ነው።

ተገንጣዩ ያቋቋሙት ቤትም ሳይከፈል አልቀረም። ረቢው ሲያርፉ ከፊሉ ተማሪ ልጃቸውን ያዕቆብን ተከተለ፤ ከፊሉ ይሁዳ ሌብ አይገርን ይዞ ወደ ሉብሊን ሄደ። ሌብ አይገር የታላቁ የሕግ ሊቅ የአኪቫ አይገር የልጅ ልጅ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሰው ወደ ሀሲዶች መግባቱ በራሱ በጊዜው ያስደነቀ ነገር ነበር። ከሳቸው ቀጥሎ የሉብሊኑን ቤት የመሩት ረቢ ጻዶቅ ሃኮሄን ደግሞ በወጣትነታቸው ሁለተኛ ለማግባት የሚያስፈልገውን የመቶ ረቢዎች ፊርማ ለመሰብሰብ ከአገር አገር ሲዞሩ ኢዝቢጻ ደረሱ፤ የመርዶክዮስ ዮሴፍ ተማሪ ሆነውም ቀሩ። ከሀሲዶች ጸሐፊዎች ሁሉ እንደ ጻዶቅ ሰፊ ያነበበና በጥልቀት የጻፈ ጥቂት ነው። የመምህራቸውን አሳብ በየገጹ ታገኙታላችሁ።

በመጨረሻ ስለ ልጅ ልጁ ጥቂት ልጨምር፤ ሕጉን ያቃልላል የተባለው ትምህርት በራሱ ቤት ውስጥ ምን ፍሬ እንዳፈራ የሚያሳየው እሳቸው ናቸውና። ጌርሶን ሄኖክ በራዚን ተቀምጠው አንድ የተረሳ ትእዛዝ አነሡ። ዘኍልቍ 15 በልብሳችሁ ጫፍ ዘርፍ ላይ ሰማያዊ ፈትል አድርጉ ይላል። አይሁድ ሰማያዊው ቀለም ከየትኛው የባሕር ፍጥረት እንደሚገኝ ጠፍቶባቸው ከሺህ ዓመት በላይ ነጭ ፈትል ብቻ ሲያስሩ ኖረዋል። ጌርሶን ሄኖክ ተነሥተው እስከ ጣሊያን፣ እስከ ናፖሊ የባሕር እንስሳት ማሳያ ድረስ ሄዱ። ከቀለም አመንጪ የባሕር እንስሳ፣ ጥቁር ቀለም ከሚረጨው ከሴፒያ፣ ሰማያዊ ቀለም አስወጡ፤ ስለዚህም መጻሕፍት ጻፉ። ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። በ1913 ገደማ ይስሐቅ ሄርዞግ፣ ኋላ የእስራኤል ዋና ረቢ የሆኑት፣ ፈትሉን በኬሚስትሪ አስመርምረው ሰማያዊነቱ የመጣው ከእንስሳው ሳይሆን በአሠራሩ ከገባው ብረት መሆኑን አሳዩ። የራዚን ሀሲዶች ግን ዛሬም በእስራኤል፣ በቤኔ ብራክ፣ የአባታቸውን ሰማያዊ ፈትል ያስራሉ። ስለ አንድ ክር ሕግ እስከ ጣሊያን የተጓዘ ሰው የወጣው «ሁሉ በሰማይ እጅ ነው» ብሎ ከሚያስተምር ቤት ነው።

የያዝሁት ይህን ነው። ስለ ፊንሐስና ስለ ዘንበሪ ጥያቄ እንደሚነሣ ከፊታችሁ አያለሁ፤ ከእሱ እንጀምር።